የማይታየው መሠረት፤ የሲ ላይብረሪን ስለ መጠበቅና ከፕሮሰሰር ወደ ፕሮሰሰር ስለ ማዛወር

(በመምህራን ማኅበር የመታሰቢያ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)




 በመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት የኮምፒዩተር ትምህርት የማስተምር እንደ መሆኔ መጠን፣ ዛሬ ልናገር ያሰብሁት ሁላችን ዕለት በዕለት እየተገለገልንበት ስሙን ግን ጥቂቶች ብቻ ስለሚያውቁት አንድ ሥራ ነው። ይኸውም የሲ ቋንቋ መደበኛ ላይብረሪ የሚባለውን መጠበቅና ከአንዱ የፕሮሰሰር ዓይነት ወደ ሌላው ማዛወር ነው።

ይህ የመሐንዲሶች ጉዳይ ነው እንጂ የመምህራን አይደለም የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የተማሪዎቻችን ውጤት የሚመዘገብበት ኮምፒዩተርም ሆነ በኪሳችን የምንይዘው ስልክ ይህን በመሰለ ላይብረሪ ላይ የቆመ ነው። ቤት ሲሠራ ግድግዳውና ጣራው ይታያል፤ መሠረቱ ግን በመሬት ውስጥ ተቀብሮ ስለሚቀር የሚያመሰግነው የለም፤ የሚታወሰው ቤቱ የተሰነጠቀ ዕለት ነው። ከዚህም በላይ በዚህ ሥራ ውስጥ ለአስተማሪ የሚሆን አንድ ትልቅ ትምህርት አለ። እርሱም ውል ሌላ ነው፤ ልማድም ሌላ ነው የሚለው ነው። ንግግሬ በሙሉ የሚያመራው ወደዚህ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ በተለይ ካልገለጽሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

ሀ. ላይብረሪው ምን እንደ ሆነ

ላይብረሪ ሲባል በዚህ ቦታ መጻሕፍት የሚደረደሩበት ቤት ማለት አይደለም። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሁሉ የሚያስፈልጉት፣ ፈንክሽን የሚባሉ፣ አስቀድመው የተዘጋጁ ትንንሽ ፕሮግራሞች ተከማችተው የሚገኙበት ግምጃ ቤት ነው። በስክሪን ላይ ጽሑፍ ማውጣት፣ ፋይል መክፈትና መዝጋት፣ የሜሞሪ ቦታ መጠየቅና መመለስ፣ የአንድን ጽሑፍ ርዝመት መቍጠር፣ ሰዓትና ቀን ማስላት፣ እነዚህ ሁሉ ከዚያ ይገኛሉ። ፕሮግራም ጸሐፊው በስማቸው ይጠራቸዋል እንጂ በየጊዜው ከመጀመሪያው አይጽፋቸውም። ዛሬ ተማሪዎች የሚወዱት የፓይተን ቋንቋ እንኳ ዋናው አስተርጓሚው በሲ የተጻፈ ስለ ሆነ በዚሁ ግምጃ ቤት ይገለገላል።

የሲን ቋንቋ የሠራው ዴኒስ ሪቺ ነው፤ የሠራውም በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ አገር በቤል ላቦራቶሪ ነበር። በ1973 ዩኒክስ የተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም በዚህ ቋንቋ እንደገና ተጻፈ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለው ሥራ አብዛኛውን ጊዜ በመኪናው በራሱ ቋንቋ ይጻፍ ስለ ነበረ፣ መኪናው ሲያረጅ ፕሮግራሙም አብሮት ይሞት ነበር። በዚያው ላቦራቶሪ ማይክ ሌስክ ከመኪና ወደ መኪና ሊሄድ የሚችል የማስገቢያና የማውጫ ፈንክሽኖች ጥቅል አዘጋጀ፤ ይህም በኋላ ተሻሽሎ የመደበኛው ላይብረሪ አንድ ትልቅ ክፍል ሆነ። በ1977 ሪቺና ስቲቭ ጆንሰን ዩኒክስን ባለ 16 ቢት ከነበረው ፒዲፒ 11 ባለ 32 ቢት ወደ ሆነው ኢንተርዳታ 8/32 ለማዛወር ተነሡ፤ ሥራውም ተሳክቶ በሚቀጥለው ዓመት ስለዚሁ ጻፉ።

ቋንቋው እየተስፋፋ በሄደ ጊዜ ሁሉም የሚስማማበት ውል አስፈለገ። ስለዚህ በ1989 በአሜሪካ፣ በ1990 ደግሞ በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ውሉ ጸደቀ። ውሉ እያንዳንዱ ፈንክሽን ምን እንደሚሰጥ ይናገራል፤ እንዴት አድርጎ እንደሚሠራው ግን ለሠሪው ይተወዋል። በዚህ ምክንያት ዛሬ ውሉ አንድ ሲሆን ፈጻሚዎቹ ብዙዎች ናቸው። ሮላንድ ማክግራዝ በ1980ዎቹ መጨረሻ የጀመረው የግኑ ላይብረሪ፣ ሪች ፌልከር በ2011 ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው መስል የሚባለው፣ በአንድሮይድ ስልኮች ውስጥ ያለው ባዮኒክ፣ ለትንንሽ መሣሪያዎች የሚሆነው ኒውሊብ ከእነዚህ ይቈጠራሉ።

ለ. ከመኪና ወደ መኪና የሚለየው ነገር

ውሉ አንድ ከሆነ፣ ላይብረሪውን አንድ ጊዜ ጽፎ በየመኪናው ላይ ማኖር ለምን አይበቃም የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከላይብረሪው አብዛኛው ክፍል በራሱ በሲ ቋንቋ የተጻፈ ስለ ሆነ ኮምፓይለሩ ለየመኪናው ይተረጕመዋል። የመኪናውን ሥጋና አጥንት የሚነካው ክፍል ግን ለእያንዳንዱ ዓይነት ለብቻው መጻፍ አለበት። ከዚህ ውስጥ አራቱን ብቻ እጠቅሳለሁ።

አንደኛው ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ጋር መነጋገር ነው። በሊኑክስ ላይ አንድ ፕሮግራም «ይህን ጻፍልኝ» ለማለት ሲፈልግ የትእዛዙን ቍጥር በተወሰነ ሬጂስተር ውስጥ አስቀምጦ በር ያንኳኳል። የ«ጻፍ» ቍጥር ባለ 64 ቢት በሆነው የኤክስ 86 ፕሮሰሰር 1፣ ባለ 32 ቢት በሆነው 4፣ ባለ 64 ቢት በሆነው አርምና በሪስክ ፋይቭ ላይ ደግሞ 64 ነው። በሩ የሚንኳኳበትም መመሪያ በየዓይነቱ የተለየ ነው። በ64 ቢቱ ኤክስ 86 «ጻፍ» ማለት የሆነው 1 ቍጥር በ32 ቢቱ «ሥራህን ጨርሰህ ውጣ» ማለት ነው። እንግዲህ ላይብረሪውን የሚያዛውረው ሰው አንዲት ቍጥር ቢስት ሊጽፍ የመጣው ፕሮግራም ሳይጽፍ ይሞታል።

ሁለተኛው የባይቶች ቅደም ተከተል ነው። እኛ በአማርኛ «ሃያ አምስት» ስንል ትልቁን አስቀድመን ነው፤ ዐረቦች ግን «አምስትና ሃያ» ይላሉ። ቍጥሩ አንድ ነው፤ ሰሚው የትኛው እንደሚቀድም ካላወቀ ግን ይሳሳታል። ፕሮሰሰሮችም እንዲሁ ናቸው፤ አንዱ የቍጥሩን ትልቅ ባይት፣ ሌላው ትንሹን አስቀድሞ በሜሞሪ ያስቀምጣል። ዳኒ ኮኸን የተባለ ሊቅ በ1980 ስለዚህ ክርክር ሲጽፍ ለሁለቱ ወገኖች የሰጣቸውን ስም የወሰደው በጉሊቨር ጉዞ መጽሐፍ ውስጥ እንቍላል በየትኛው ጫፍ ይሰበር በማለት ከሚጣሉት ሰዎች ነው። ስሙም እስከ ዛሬ ጸንቶ ይኖራል።

ሦስተኛው የቍጥሮች ስፋትና ምልክት ነው። በሲ ቋንቋ ቻር የሚባለው ዓይነት አንድ ባይት ይይዛል። ይህ ባይት ከዜሮ በታች የሆነ ቍጥር ሊይዝ ይችላል ወይስ አይችልም? ውሉ ይህን ለሠሪው ትቶታል። በሊኑክስ ላይ በኤክስ 86 ከ-128 እስከ 127 ሲይዝ፣ በአርም ግን ከ0 እስከ 255 ይይዛል። አሁን አንድ ተማሪ ከፋይል ፊደል በፊደል የሚያነብ ፕሮግራም ጻፈ እንበል። ላይብረሪው ፋይሉ ሲያልቅ -1 ይመልሳል። ተማሪው መልሱን በቻር ውስጥ ካስቀመጠው በኤክስ 86 -1 እንደ ሆነ ይቀራልና ፕሮግራሙ ይቆማል፤ በአርም ግን 255 ይሆንና ከ-1 ጋር ፈጽሞ ስለማይተካከል ፕሮግራሙ ማለቂያ የሌለው ዙር ይዞራል። ተማሪው «በእኔ ኮምፒዩተር ላይ ይሠራ ነበር» ይላል፤ እውነቱን ነው። ነገር ግን የሠራለት ልማድ ነው እንጂ ውል አይደለም፤ በውሉ መሠረት መልሱን ኢንት በሚባለው ሰፊ ዓይነት ውስጥ ማስቀመጥ ነበረበት። እንደዚሁም ሎንግ ደብል የሚባለው የነጥብ ቍጥር በኤክስ 86 80 ቢት፣ በ64 ቢቱ አርምና በሪስክ ፋይቭ 128 ቢት፣ በ32 ቢቱ አርም ደግሞ 64 ቢት ነው። ቍጥርን ወደ ጽሑፍ የሚለውጠው ፕሪንትኤፍ የሚባለው ፈንክሽን ሦስቱንም አንዲት አኃዝ ሳያዛባ ማተም ይጠበቅበታል።

አራተኛው የፕሮሰሰሩን ሁኔታ ማስቀመጥና መመለስ ነው። ሴትጀምፕ የሚባለው ፈንክሽን ፕሮግራሙ በኋላ ወደዚያው ቦታ ተመልሶ እንዲቀጥል አሁን ያለበትን ሁኔታ መዝግቦ ያስቀምጣል። ይህ በሲ ቋንቋ ሊጻፍ አይችልም፤ ምክንያቱም ቋንቋው ስለ ሬጂስተሮች የሚያውቀው ነገር የለም። ስለዚህ በየመኪናው ቋንቋ ይጻፋል። በ64 ቢቱ ኤክስ 86 በሊኑክስ ላይ መቀመጥ ያለባቸው 8 ናቸው፤ በ64 ቢቱ አርም ግን 21 ናቸው። አንዱ ቢዘነጋ ስሕተቱ ወዲያው አይታይም። ከብዙ ሰዓት በኋላ፣ በሌላ ቦታ፣ ምንም በማያገናኘው ሥራ ላይ ይወጣል።

መስልን የሚሠሩት ሰዎች ይህን ሁሉ በማሰብ በየፕሮሰሰሩ የሚለየውን ክፍል እጅግ ትንሽ ያደርጉታል፤ የቀረውን ለሁሉ አንድ አድርገው ይጽፋሉ። የግኑ ላይብረሪ ሠሪዎች ደግሞ ፍጥነትን ስለሚሹ ለየፕሮሰሰሩ በእጅ የተበጁ ብዙ ፈንክሽኖችን ይጨምራሉ። ሁለቱም መንገድ የየራሱ ዋጋ አለው፤ ፍጥነት የገዛ ሰው ጠባቂ መቅጠር አለበትና።

ሐ. ስለ መጠበቅ

መጻፍ አንድ ነገር ነው፤ መጠበቅ ደግሞ ሌላ ነው። የጻፈው ይመሰገናል፤ የሚጠብቀው ግን የሚታወቀው ስሕተት የተገኘ ዕለት ነው።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆን በ2010 የተፈጸመ ነገር አለ። ሜምኮፒ የሚባለው ፈንክሽን የሜሞሪን ይዘት ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ይገለብጣል። ውሉ ሁለቱ ቦታዎች ተደራራቢ መሆን የለባቸውም፤ ተደራራቢ ከሆኑ ሜምሙቭ የሚባለውን ተጠቀሙ ይላል። ነገር ግን ብዙ ዘመን ሜምኮፒ ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው ይገለብጥ ስለ ነበረ፣ ውሉን የተላለፉ ፕሮግራሞች አንዳንዶቹ በዕድል ይሠሩ ነበር። የግኑ ላይብረሪ ሰዎች ለአንዳንድ አዳዲስ ፕሮሰሰሮች ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው የሚገለብጥ ፈጣን ሜምኮፒ ባወጡ ጊዜ፣ ድምፅና ፊልም የሚያሳይ አንድ የታወቀ ፕሮግራም ድምፁ ተበላሸ። ታላቅ ክርክር ተነሣ። አንዱ ወገን «ውሉን ያፈረሰው ፕሮግራሙ ነውና ይታረም» አለ። ሊኑስ ቶርቫልድስ ያለበት ሌላው ወገን ደግሞ «ተጠቃሚው ስለ ውል ምን አገባው? ትናንት የሠራለት ዛሬም ሊሠራለት ይገባል» የሚል አሳብ አቀረበ። በ2011 በወጣው 2.14 ቅጂ መፍትሔ ተገኘ፤ ለቀድሞ ፕሮግራሞች አሮጌው ጠባይ እንዲቀጥል፣ አዲስ ለሚዘጋጁት ግን ፈጣኑ እንዲሰጥ ሆነ። ይህም ለአሮጌው ምሕረት፣ ለአዲሱ ሕግ ማለት ነው። ክፍል ውስጥ የቆመ መምህር ሁሉ ይህን ፍርድ የሚያውቀው ይመስለኛል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህ የከበደ ነው። በ2000 በወጣው የግኑ ላይብረሪ 2.2 ቅጂ ውስጥ የኮምፒዩተርን ስም ወደ አድራሻ በሚለውጠው ክፍል ለዝርፊያ በር የሚከፍት ስሕተት ገብቶ ነበር። ስሕተቱ በ2013 ታረመ፤ ነገር ግን የደኅንነት ጉዳይ መሆኑን ያስተዋለ አልነበረም። በዚህ ምክንያት አሮጌውን ቅጂ የያዙ ብዙ ኮምፒዩተሮች ሳይታደሱ ቀሩ፤ አደጋውም የታወቀው በ2015 መጀመሪያ ላይ ነበር። ከዚህ የምንረዳው ማረም ብቻውን እንደማይበቃ ነው፤ የታረመው ነገር ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ መናገርም የጠባቂው ግዴታ ነው።

ጠባቂ ያጣ ፕሮሰሰር ደግሞ ከላይብረሪው ይወጣል። አይቴኒየም የተባለው ፕሮሰሰር በ2001 በትልቅ ተስፋ ገበያ ላይ ወጥቶ ነበር፤ የሚንከባከበው ስላልተገኘ ግን በ2024 ከወጣው የግኑ ላይብረሪ 2.39 ቅጂ ተሰረዘ። በአንጻሩ በ2010 በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረውና ማንም ያለ ፈቃድ ክፍያ ሊሠራው የሚችለው ሪስክ ፋይቭ በ2018 ወደ ላይብረሪው ገባ።

መ. የ2030 ዓመተ ምሕረት ጥምቀት

አሁን ለትምህርት ቤት ኀላፊዎች በተለይ የምነግረው ነገር አለኝ። ላይብረሪው ጊዜን የሚቈጥረው ከ1970 መጀመሪያ ጀምሮ ያለፉትን ሰከንዶች በመደመር ነው። በብዙ ባለ 32 ቢት መኪናዎች ላይ ይህ ቍጥር ሊደርስ የሚችለው እስከ 2,147,483,647 ብቻ ነው። ያ መጠን የሚሞላው በ2038 ጃኑዋሪ 19 ቀን ነው። በእኛ አቈጣጠር ጥር 11 ቀን 2030 ዓመተ ምሕረት፣ ማለት የጥምቀት ዕለት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ይሆናል። ሕዝቡ በጥምቀተ ባሕሩ ዙሪያ በቆመበት ሰዓት፣ ያልታረመ መኪና ቀኑን ወደ 1901፣ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ይመልሰዋል።

መፍትሔው የጊዜውን ቍጥር ወደ 64 ቢት ማስፋት ነው። ይህን መናገር ቀላል ቢሆንም መፈጸሙ ግን ከባድ ነው። ምክንያቱም ፕሮግራሙና ላይብረሪው የቍጥሩን ስፋት አስቀድመው ተስማምተው የተዘጋጁ ናቸው፤ አንዱ ሰፍቶ ሌላው ጠባብ ሆኖ ቢቀር አይግባቡም። መስል በ2020 በወጣው 1.2.0 ቅጂ፣ በ32 ቢት መኪናዎች ላይ አዲስ የሚዘጋጁ ፕሮግራሞች ሁሉ በ64 ቢት እንዲቈጥሩ አደረገ፤ የቀድሞዎቹም እንዳይሰናከሉ ተጠነቀቀ። የግኑ ላይብረሪ በ2021 በ2.34 ቅጂ ለፕሮግራም ጸሐፊው ምርጫውን ሰጠ። ዴቢያን የሚባለው የሊኑክስ ስርጭት በ2024 ባለ 32 ቢት ለሆነው አርም ለውጡን ሲፈጽም፣ ባለ 32 ቢቱን ኤክስ 86 ግን ለአሮጌ ፕሮግራሞች ሲል እንደ ነበረ ተወው።

እንግዲህ በግምጃ ቤታችን ወይም በኮምፒዩተር ክፍላችን ያሉት መኪናዎች ከየትኛው ወገን እንደ ሆኑ አሁኑኑ መመርመር ይገባናል። የተማሪውን የልደት ቀን፣ የገባበትንና የሚጨርስበትን ዓመት የሚይዝ መዝገብ የጥምቀቱን ዕለት አይጠብቅም፤ ከ2038 በኋላ ያለውን ቀን ዛሬ እንዲያሰላ የተጠየቀ ፕሮግራም ዛሬውኑ ሊሳሳት ይችላልና።

ሠ. የእኛ ቋንቋዎች በላይብረሪው ውስጥ

ብዙ ሰዎች ይህ ሁሉ በሩቅ አገር የሚሠራ፣ እኛን የማይመለከት ነገር ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ በግኑ ላይብረሪ ውስጥ የየቋንቋው የቀን ስምና የአጻጻፍ ልማድ የሚመዘገብባቸው ፋይሎች አሉ፤ ከእነዚህም መካከል የአማርኛ፣ የትግርኛ፣ የኦሮምኛ፣ የሶማልኛ፣ የአፋርኛ፣ የሲዳምኛ፣ የወላይትኛ፣ የብሌን፣ የትግረና የግዕዝ ይገኛሉ። እነዚህም ፋይሎች እንደ ማንኛውም ክፍል ጠባቂ ይሻሉ።

ደግሞም ሁለት ነገሮችን ልብ እንበል። ላይብረሪው ወሮችን የሚቈጥረው ከ0 እስከ 11 ነው፤ ስለዚህ ጳጕሜን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። የእኛን ዘመን አቈጣጠር የሚሻ ፕሮግራም ስሌቱን ከላይብረሪው ውጭ ራሱ መሥራት አለበት። ሁለተኛው፣ ፊደላችን ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ 3 ባይት ይወስዳል። ርዝመት የሚለካው ስትርሌን «ሰላም» በሚለው ቃል ላይ ቢጠራ መልሱ 3 ሳይሆን 9 ነው፤ ባይት ይቈጥራል እንጂ ፊደል አይቈጥርምና። እነዚህ ባይቶች ሁሉ ከ127 በላይ ስለ ሆኑ፣ በኤክስ 86 በቻር ውስጥ ሲቀመጡ ከዜሮ በታች ይሆናሉ፤ በአርም ግን አይሆኑም። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ የተፈተነ ፕሮግራም ይህን ስሕተት አያሳይም፤ በአማርኛ የተፈተነ ግን ብዙ ጊዜ ያጋልጠዋል። ስለዚህ በገዛ ፊደሉ ፕሮግራም የሚፈትን ተማሪያችን ለዓለም ሁሉ የሚጠቅም መርማሪ ነው።

ከዚህ በመነሣት ለሥራ ባልደረቦቼ ሦስት አሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ፕሮግራም ስናስተምር «ይሠራል ወይ?» ብለን ብቻ አንጠይቅ፤ «ውሉ እንዲሠራ ያዝዛል ወይ?» ብለን እንጨምር። ተማሪው የሠራለትን ነገር ምክንያቱን እንዲያስረዳ ካልጠየቅነው ልማድን እንደ ዕውቀት ይዞ ይሄዳል፤ መኪናው በተለወጠ ቀንም ዕውቀቱ ይከዳዋል።

ሁለተኛ፣ የተማሪውን ሥራ ቢያንስ በሁለት ዓይነት ፕሮሰሰር ላይ እንፈትን። ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ፋብሪስ ቤላር በ2003 ያወጣው ኪውኤምዩ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም በአንድ ተራ ኮምፒዩተር ላይ የአርምን ወይም የሪስክ ፋይቭን ፕሮሰሰር አስመስሎ ያሠራል። ከላይ የነገርኋችሁን የቻር ምሳሌ በአንድ የትምህርት ክፍለ ጊዜ ውስጥ በሁለቱም ላይ ማሳየት ይቻላል፤ አንዱ ሲቆም ሌላው ሲዞር ያየ ተማሪ ትምህርቱን አይረሳውም።

ሦስተኛ፣ የሌላውን ሰው ሥራ አንብቦ መጠበቅን እንደ ዝቅተኛ ሥራ ማየት ይቅር። በትምህርት ቤቶቻችን አዲስ የጻፈ ይሸለማል፤ የሌላውን ያረመና ያቆየ ግን አይሸለምም። ነገር ግን ዓለም የቆመችባቸው ላይብረሪዎች ከሠላሳ ዓመት በፊት በሌሎች የተጻፈውን መስመር በጥንቃቄ በሚያነቡ ጥቂት ሰዎች ተጠብቀው ይኖራሉ። ከእነዚህ ጥቂቶች መካከል የእኛም ልጆች እንዲገኙ ከተፈለገ ማንበብን፣ መመርመርንና መታገሥን ማስተማር የሚገባን እኛ ነን።

የመምህርም ሥራ ከዚህ የራቀ አይደለም። ትምህርቱ አንድ ሲሆን ተማሪው የተለያየ ነው፤ ቃሉ ሳይለወጥ ለእያንዳንዱ በሚገባው መንገድ ማድረስ የእኛ ሙያ ነው። ሕንጻው ሲያምር ስለ መሠረቱ የሚጠይቅ የለም፤ መሠረቱን የጣለውና የጠበቀው ግን ሕንጻው መቆሙን አይቶ ይደሰታል።